አንድ ጣት ከፍታ

አውራጃው በሙሉ በስምንት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። ተራራው፣ ወንዙ፣ ሦስቱ ከተሞችና በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ሁሉ ከእንጨትና ከጀሶ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ በሸራ ተሸፍኗል። የሠራው አናጢ ከሳንቃው ጎን ጎን እየሮጠ፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየሆነ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የማይያዘውን ለመያዝ ይሞክራል።

«ቀስ በሉ! ተራራው ወደ ግራ አዘነበለ እኮ!»

«ተራራህ ነው የከበደን ጌታው» አለ ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው ሰው። ተሸካሚዎቹን ስለሚመራ ጓደኞቹ «ጄኔራል» ይሉታል። «ሜዳ አገር ብትሠራ ኖሮ ይኼኔ ደርሰን ነበር።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳንቃው ተንቀጠቀጠ፤ አናጢውም ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ሚስቱ የቀለም ብልቃጥ፣ የሙጫ ጣሳና ትንሽ መጋዝ የያዘ ቅርጫት አንጠልጥላ ከኋላ ትከተላለች። ቀለሙን የቀባችው እሷ ናት። እሷ ግን ዘና ብላ ነው የምትራመደው። ሥራው አልቋል፣ አምሯል፣ ከእንግዲህ የሚሰበር ካለም ተመልሶ ይጣበቃል ብላ የምታምን ሴት ናት። በዚህ በኩል ባልና ሚስቱ ለየቅል ናቸው።

ጊዜው ውሃ በቧንቧ ይመጣል ሲባል ግማሹ ሰው የሚስቅበት ጊዜ ነበር። ባቡሩ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የቴሌግራፉ ሽቦ ሲንጫጫ አሁንም ቆመው የሚያዳምጡት ሽማግሌዎች አሉ። አገረ ገዢው ለሦስቱ ከተሞች አንድ የውሃ ሥራ እንዲሠራ ፈቅደዋል፤ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ደግሞ ዛሬ በዓይናቸው አይተው ሊቆርጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ነገ ጠዋት በባቡር ወደ ዋናው ከተማ ይመለሳሉ። ዛሬ የሚፈርሙትን የሚሽር ሰው የለም።

ለውሃው የታሰቡት መንገዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከተራራው ምንጭ ተነስቶ፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በገዛ ክብደቱ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ኮረብታው ከተማ የሚደርስ፣ ከዚያም ወደ ገበያው ከተማና ወደ ወንዙ ከተማ የሚወርድ፣ ለማለቅ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ረጅም ቧንቧ ነው። ሁለተኛው ወንዙ ዳር የእንፋሎት ሞተር ተክሎ ውሃውን መግፋት ነው። ይኼኛው ቶሎ ያልቃል፤ ዳሩ ግን ሞተሩ ውሃውን ኮረብታው ላይ የሚያወጣበት ጉልበት የለውም። ሦስተኛው በየከተማው ጉድጓድ መቆፈር ነው። የኮረብታው ከተማ የተቀመጠው በአንድ ወጥ አለት ላይ ስለሆነ እዚያ መቆፈር መዶሻ መጨረስ ብቻ ነው። በአጭሩ ኮረብታው ውሃ የሚያገኘው አንደኛው መንገድ ከተመረጠ ነው፤ ካልተመረጠ የለም።

አናጢው ደግሞ የኮረብታው ከተማ ልጅ ነው። እናቱ ዛሬም እዚያው ናት። በየማለዳው ከአለቱ የተጠረበውን ረጅም ደረጃ ወርዳ፣ ከታች ካለው ኩሬ ቀድታ፣ አንድ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ትወጣለች። ጎረቤቶቿ እንቅዳልሽ ቢሏት አሻፈረኝ ያለች ግትር ሴት ናት። አምና ደረጃው ላይ ተንሸራታ እንስራዋ ሲከሰከስ እሷ በተአምር ተርፋለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አናጢው ሲበላም ሲተኛም ያ ደረጃ ድቅን ይልበታል። ይህን ሳንቃ ከሌላው ሥራው ሁሉ አብልጦ የተጨነቀበት ለዚህ ነው። እንዲያውም ትንሽ አብዝቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የውሃ ሥራው መሐንዲስ ወደ አናጢው ቤት መጥተው ነበር። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ተራራና ሸለቆ ሲለኩ የከረሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኪሳቸው ውሃ ልክ ስለማይለይ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ውሃ ልክ» ነው የሚላቸው። በናስ ማስመሪያቸው እያንዳንዱን ኮረብታ ለኩ፣ በቀጫጭኖቹ የመዳብ ቱቦዎች ውሃ ለቀው አዩ፣ ውሃውም እንደታሰበው ሄደ። «ተመስገን» ብለው፣ የቀረው ቀለሙና ቤቶቹ ብቻ ነው ብለው ሄዱ።

ቀለም ቀቢዋ ሚስት የወንዙ ከተማ ልጅ ናት። ጥቃቅኖቹን ቤቶች እየቀባች ሳለ ብሩሿን አፏ ላይ ይዛ ሳንቃውን አየችውና፣ «ያንተ ከተማ እኮ ኪንታሮት ትመስላለች» አለችው። «የኛን እያት፣ እንዴት ተንጣልላ እንደተኛች!»

ቀልድ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በከተማቸው ሲተራረቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን አናጢውን ከነከነው። በማግስቱ እሷ ገበያ ስትሄድ ጠብቆ፣ አንድ ጣት ውፍረት ያለው የወይራ ቁራጭ በኮረብታው ቅርጽ ጠርቦ፣ ከቤቶቹ ሥር አስገብቶ አጣበቀው። ቱቦው አጠረበት፤ ትንሽ መዳብ ጨምሮ በየደው። ከተማዋ ቀና አለች፣ አማረባት። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ወዲያው ገባት። እየሳቀች የእንጨቱን ጠርዝ በአረንጓዴ ቀባችለት። በእነሱ ቤት ቱቦ ቱቦ ነው፤ ወደፈለጉበት ይቀጠላል፣ ውሃውም ቱቦውን ተከትሎ ይሄዳል። ለመሐንዲሱ መንገር ያለባቸው ነገር መሆኑ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

አዳራሹ ሲደርሱ ጄኔራልና ወታደሮቹ ሳንቃውን አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። አናጢው ሸራውን ገፎ አንድ በአንድ አየ። አንድም ነገር አልተነቀነቀም። አባ ውሃ ልክ ክርኖቹ በተጣፉ ካፖርታቸው ቆመው፣ የልኬት መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ምንጩን ሞሉት። ከወዲያ በኩል የወንዙ ከተማ ከንቲባ የደረት ሰዓታቸውን ሰንሰለት እያጫወቱ ተቀምጠዋል። የሚፈልጉት ሞተሩን ነው፤ ጭሱ ከሩቅ የሚታይ፣ ፊሽካው የሚሰማ፣ ከተማቸውን ከተማ የሚያሰኝ ሞተር። ይህንንም አልደበቁም።

አገረ ገዢው ሲገቡ ሁሉም ተነሳ። ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን ለጸሐፊያቸው ሰጥተው ሳንቃውን ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው ሸለቆውን አዩ፣ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ግዛቴን እንዲህ አማን ሆኖ አይቼው አላውቅም» አሉ። «ማን ነው የሠራው?»

«እኔና ባለቤቴ ነን፣ ክቡርነትዎ» አለ አናጢው። ደረቱ ሰፍቶ ኮቱ ጠበበው።

አባ ውሃ ልክ የሚያደላ ሰው አይደሉም። የራሳቸው ልብ ከምንጩ ጋር ቢሆንም ሌሎቹን አስቀድመው፣ ጥቅማቸውን ሳይቀንሱ አሳዩ። ጸሐፊው ትንሿን የነሐስ ፓምፕ በእጁ ሲያሽከረክር ውሃው ከወንዙ ተስቦ በሁለቱ ዝቅተኛ ከተሞች ላይ በተቀመጡት ትንንሽ ኩባያዎች ውስጥ ተንቆረቆረ። ከንቲባው አጨበጨቡ። ከዚያ ጉድጓዶቹ ታዩ፤ በወንዙ ከተማ ብዙ፣ በገበያው ከተማ ጥቂት፣ በኮረብታው ምንም።

«አሁን ደግሞ ክቡርነትዎ፣ ሞተር የማይፈልገውን እንይ» አሉ አባ ውሃ ልክ። «ምንጩ ኮረብታውን የሚበልጠው በአሥራ አራት ሜትር ነው። ስምንቱን ረጅሙ መንገድ ይበላዋል፤ ስድስቱ ይተርፈናል። ስድስት ሜትር ለእኛ ብዙ ነው።» የምንጩን ቧንቧ ከፈቱ።

ውሃው ወደ ሸለቆው ቱቦ ሲገባ ተሰማ። ሁሉም የኮረብታውን ከተማ አየ። 

ምንም አልመጣም።

አባ ውሃ ልክ ቱቦውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። አየር ይሆናል ብለው ዘግተው ከፈቱት። የግድግዳው ሰዓት ብቻውን ይቆጥራል። ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከኮረብታው አፋፍ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው ቀረ።

«እንግዲህ ውሃው ራሱ ፈረደ» አሉ ከንቲባው እየሳቁ። «እሺ ካላለ ምን ይደረጋል? ሞተሩን እንትከል።»

አገረ ገዢው አልሳቁም። ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። «አሥራ አንድ ወር ለክተዋል አይደል?» አሉ መሐንዲሱን።

«አዎ ክቡርነትዎ።»

«ታዲያ?»

ሽማግሌው መዝገባቸውን ከፈቱ። ዝናብ የመታው፣ ጭቃ የነካው መዝገብ ነው።  መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምናልባት እኔ... ሸለቆው ውስጥ ጉም ነበር... አንዱን ንባብ ስቼው ይሆናል» አሉ።

ይህ ነው የአናጢውን አንጀት የበላው። ውሃው ሲቀር ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ሽማግሌው በገዛ መዝገባቸው ላይ ሲጠራጠሩ ሲያይ ግን ነገሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ፍንትው አለለት። ያ ወይራ!  ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ቀድማው ገብቷት ኖሮ ፊቷ አመድ መስሏል። አገረ ገዢው ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «በል፣ ሁለተኛው መንገድ ብለህ ጻፍ» አሉ። የጽሕፈት መኪናው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

«አይጻፍ!» አለ አናጢው።

በአገረ ገዢ ፊት እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም። ጸሐፊው ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ እግርዎ ሥር ልውደቅ። የጋሼ ልኬት አልተሳሳተም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከተማዬን... ከፍ አደረግኋት።»

«ምን አደረግሃት?»

«ከልኩ በላይ ሠራኋት። አጭር መሰለችኝና ከሥሯ አንድ ጣት እንጨት ጨመርኩባት።»

 ከዚያ አባ ውሃ ልክ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው፣ «አንተ ሰው!» አሉ፤ «በዚህ ሳንቃ ላይ አንድ ጣት ከፍታ ማለት እኮ ሃያ ሜትር ነው! ከምንጩ በላይ አድርገሃታል!» ቁጣቸው እውነተኛ ነበር፤ እፎይታቸው ግን ይበልጥ ነበርና ቃላቸውን ሳይጨርሱ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ምን ነክቶህ ነው ግን?» አሉ አገረ ገዢው።

«እኔ ነኝ ክቡርነትዎ» አለች ሚስቱ ወደፊት ወጥታ። «ኪንታሮት ትመስላለች ብዬ ሰድቤበት ነው። ሲጨምርም አይቼ ቀለም የቀባሁለት እኔ ነኝ። የሚቀጣ ካለ ሁለታችን ነን።»

የአገረ ገዢው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከንቲባው ግን ዘለው ተነሱ። «አልሰማም! ሰውዬው የኮረብታው ሰው ነው። ትናንት ለማሳመር ቀጠለ፣ ዛሬ ደግሞ ለማሸነፍ ይቆርጣል። ውሃው እስኪመጣለት ድረስ ሲልጋት ቁጭ ብለን ልናይ ነው?»

ተገቢ ጥያቄ ነበር። አገረ ገዢው ትንሽ አሰቡና የናሱን ማስመሪያ ከመሐንዲሱ ተቀብለው ለከንቲባው ሰጧቸው። «እርስዎ ይለኩ። መዝገቡን ደግሞ ጸሐፊዬ ያንብብ። አናጢው እጁን ያጣጥፍ።»

ከንቲባው ሰንሰለታቸውን ወደ ኋላ ወርውረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማስመሪያውን ከሳንቃው አቆሙ። «ሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር።» ምንጩን ለኩ። «ሠላሳ ሁለት ነጥብ አራት።» ጸሐፊው በአሥራ አንድ ወር ልኬት የተጻፈውን እያነበበ፣ «ኮረብታው ሦስት መቶ አሥር ሜትር። ምንጩ ሦስት መቶ ሃያ አራት» አለ። በከፍታ አንዱ ሳንቲ ሜትር አሥር ሜትር ነውና ኮረብታው ሠላሳ አንድ መሆን ነበረበት። ልክ ሁለት ተርፏል።

«በል ቁረጥ» አሉ አገረ ገዢው። «ሁለት። ከዚያ አንዲት ጸጉር ብታልፍ ባቡሩ ላይ አስሬ ይዤህ እሄዳለሁ።»

ሚስቱ መሐረቧን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቤቶቹን በጥፍሯ አንድ በአንድ ነቅላ ደረደረቻቸው። አናጢው መጋዙን ከቅርጫቱ አወጣ። የተወለደባትን ከተማ በሰው ሁሉ ፊት ሊቆርጣት ጎንበስ ቢልም እጁ አልሳተም። አረንጓዴው ቀለም ሲሰነጠቅ ከሥሩ ጥቁሩ ወይራ ታየ፤ ከዚያ በታች ነጩ ጥድ። የተጨመረው የት ላይ እንደሚያበቃ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ወይራው በሙጫው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ተላቀቀ። ከንቲባው እንዳይታለሉ ጎንበስ ብለው እንደገና ለኩ።

«ሠላሳ አንድ» አሉ። ድምፃቸው ቅዝቅዝ አለ፤ ግን አልዋሹም።

አናጢው የቀጠለውን መዳብ ቆርጦ ጣለ። አባ ውሃ ልክ ከወንበራቸው ተነስተው ቧንቧውን ከፈቱ። ትንሽ ቆየ። ቱቦው አየር ተፋ፣ ተንተፋተፈ፤ ከዚያ ውሃው ኮረብታው አናት ላይ ብቅ ብሎ ኩባያዋን ሞላ፤ ሞልቶ ፈሰሰና ወደ ገበያው ከተማ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ከተማ። ማንም ምንም አላሽከረከረም። ጄኔራልና ጓደኞቹ በር ላይ ሆነው ሲያዩ ቆይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አናጢው ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ የሚያደርገው ቢጠፋው መጋዙን አቀፈ።

«ይሁን» አሉ ከንቲባው። «ግን ከተማዬ ሦስተኛ ሆና ትጠብቅ? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

አገረ ገዢው ወደ ቀለም ቀቢዋ ዞሩ። «አንቺ የማን ከተማ ልጅ ነሽ?»

«የወንዙ ነኝ ክቡርነትዎ። የከንቲባችን ጎረቤት ነኝ ማለት ይቻላል።»

«እና ምን ትያለሽ?»

«እኛ ወንዙ ደጃችን ነው። ሁለት ዓመት ብንጠብቅ ልብስ ማጠቢያ አናጣም። አማቴ ግን ጉልበቷ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አይመስለኝም፤ እንዲያውም እባክዎ ቶሎ ይበሉ።» ከዚያ ከንቲባውን አየችና፣ «ፊሽካው ቢቀርብንም ውሃው ያው ነው ጌታዬ» አለች።

ከንቲባው መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ሳቅ ቀደማቸው። አገረ ገዢው ብዕራቸውን አነሱ። «አንደኛው መንገድ። ቁፋሮው ከኮረብታው ይጀመር» ብለው ፈረሙ።

ሚስቱ ቤቶቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ስትጀምር አባ ውሃ ልክ ከደረት ኪሳቸው አንዲት የናስ መርፌ አወጡ። ሰው ውሃ የሚቀዳበት ማጠራቀሚያ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ገና ይቀር ነበር። ለአናጢው ዘረጉለት።

«ያንተ ከተማ አይደለች? ትከል።»

አናጢው መርፌዋን ይዞ ጎንበስ አለ። እያንዳንዱን ጣሪያ ያውቀዋል። የእናቱ ቤት ሰማያዊ በር ያላት ናት፤ ከእግር መንገዱ ጫፍ ሦስተኛዋ። መዝገቡ የሚለው ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ አለት ነው። በሰማያዊው በርና በዳቦ ቤቱ መካከል በዚህ ሳንቃ ላይ የጥፍር ስፋት እንኳ የለም። ደጇ ላይ ቢተክለው ማን ያየዋል? ሽማግሌው ሆን ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። አናጢው መርፌዋን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሰካት። ከዚያ ቀና ሳይል ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«ምን ታጉረመርማለህ?» አሉ አባ ውሃ ልክ።

«እርምጃ እየቆጠርኩ ነው ጋሼ። ከእናቴ ደጅ እስከዚህ ድረስ አርባ ይሆናል።»

«በእማማ እርምጃ ስልሳ ነው» አለች ሚስቱ፣ የመጨረሻዋን ቤት እያጣበቀች።

አናጢው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ስልሳ ይሁን» አለ። «ሜዳ ነው።»